ስታዲየም አካባቢ የሚሸጠው «የሉፐስ ኩላሊት ጂን ፓኬጅ»፦ ማን ይግዛው፣ ማን ገንዘቡን ይያዝ

በአዲስ አበባ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድና በዙሪያው ናሙና ተቀብለው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ከነዚህ በአንዱ የሚሸጠውን ፓኬጅ ነው እዚህ የምንገመግመው። ስሙን አንጠራም፤ አብዛኛው የምንለው ነገር ይህን ዓይነት አገልግሎት የሚሰጥን ማንኛውንም ቤት ይመለከታል። ፓኬጁ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ላለበት ሰው የተዘጋጀ ነው፦ «በሽታው ወደ ኩላሊትዎ ይሄድ እንደሆነ ከጂንዎ እንነግርዎታለን»። ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ኤፖኤል1 የሚባለው ጂን ምርመራ ነው። ሁለተኛው ኤችኤልኤ ዲአር የሚባለው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ልየታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ትንንሽ የጂን ለውጦችን ደምሮ አንድ ቁጥር የሚያወጣ የስጋት ነጥብ ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። የደም አወሳሰዳቸው ጥሩ ነው። ውጤት የሚያስረዱበት መንገድ ደካማ ነው። ፓኬጁ ራሱ ግን ለአብዛኛው የአዲስ አበባ የሉፐስ ታካሚ የተሳሳተ ግዢ ነው፤ በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ካውንተር፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ዋጋ የሚሠራው የሽንት ምርመራ ይበልጠዋል።

ጥያቄው ግን ከንቱ አይደለም። ሉፐስ ካለባቸው አዋቂዎች ከ10ሩ 4 ያህሉ ላይ በሽታው ኩላሊት ይነካል፤ ሕፃናት ላይ ከዚህም ይብሳል። ብዙውን ጊዜ ሉፐሱ በታወቀ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ ይመጣል። አንዷ ታካሚ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሚባለው የሉፐስ ክኒን ብቻ ዓመታት ስትቆይ ሌላዋ በሁለት ዓመት ዲያሊሲስ ደጃፍ የምትደርስበት ምክንያት በከፊል ከዘር ነው። ጂን ማየት ለምን እንዳጓጓ ይገባናል።

የፓኬጁ ዋና ዕቃ ኤፖኤል1 ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ እንቆይ። ጂኑ ያለው 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የሚሠራው ፕሮቲን ደም ውስጥ እየዞረ ትሪፓኖሶም የሚባለውን ተህዋስ ቀዳዳ ከፍቶ ይገድላል። ከብት ያረባ ሁሉ የሚያውቀው የገንዲ በሽታ የሚመጣው በዚሁ የተህዋስ ወገን ነው። ሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው አንዱ ዝርያ ግን ይህን ፕሮቲን ማምከን ይችላል። ተህዋሱን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ በበዛችበት የአፍሪካ ክፍል ታዲያ ጂ1 እና ጂ2 የሚባሉ ሁለት የጂን ለውጦች ተስፋፉ። ጂ1 በ342ኛውና በ384ኛው ቦታ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ይቀይራል። ጂ2 ደግሞ 6 የዲኤንኤ ፊደሎችን ይቆርጣል፤ በዚህም 388ኛውና 389ኛው አሚኖ አሲድ ይጎድላሉ። ለውጡ ከተህዋሱ ያድናል፣ ዕዳው ኩላሊት ላይ ይከፈላል። ይህ የታወቀው በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት የጥናትና የቀመር ዓመታትም እንዲሁ።

አደጋው የሚቆጠረው ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ሲወረስ ነው፤ ማለትም ጂ1/ጂ1፣ ጂ1/ጂ2 ወይም ጂ2/ጂ2 ሲሆን። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው «ተሸካሚ» ነው እንጂ «ከፍተኛ ስጋት» ውስጥ አይመደብም። ሁለት ቅጂ ያላቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ ኩላሊታቸው ሳይደክም ይኖራሉ። ጂኑን የሚቀሰቅስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ሉፐስ ጥሩ ቀስቃሽ ነው፤ በሉፐስ ጊዜ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንተርፌሮን የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን የኤፖኤል1ን ምርት ከፍ ያደርጋል፣ በኩላሊቱ ማጣሪያ ላይ ያሉት ሕዋሳት ደግሞ የተለወጠውን ፕሮቲን አይችሉትም። በ2014 በወጣ ጥናት፣ ሉፐስ ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሁለት ቅጂ ካላቸው ኩላሊታቸው ጨርሶ የመድከሙ ዕድል ወደ 2.5 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ባዮፕሲ (ከኩላሊት ተቆንጥሮ የሚታይ ናሙና) ላይ ማጣሪያው ተጨማዶ የሚታይበት «ኮላፕሲንግ» የሚባለው ዓይነት ጉዳትም ከዚሁ ጂን ጋር በጥብቅ ይያያዛል።

እስካሁን ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የላቦራቶሪው በራሪ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። የማይለው ነገር አለ። በ2010 ጂ1ና ጂ2 በአፍሪካ ሕዝቦች ውስጥ ሲፈለጉ ከኢትዮጵያ የተመረመሩት ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ላይ አልተገኙም። በ2011 ደግሞ ኤችአይቪ ያለባቸው ከ300 በላይ ኢትዮጵያውያን ታይተው፣ ከዚህ ጂን ጋር የሚያያዘው የኤችአይቪ ኩላሊት ሕመም አንዳቸውም ላይ አልታየም፤ ለውጦቹም አልነበሩም። በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍቶ ያለው ጂን በኛ ደጋ አላለፈም። «አፍሪካዊ ነዎት፣ ስለዚህ ይህ ጂን ይመለከትዎታል» የሚለው የካውንተር አነጋገር ከአሜሪካ የተቀዳ ነው፤ እዚያ «ጥቁር» ሲባል ባብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ዘር ማለት ነው። ስታዲየም ፊት ለፊት ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል።

ስለዚህ አብዛኛው ታካሚ ከፍሎ የሚቀበለው ወረቀት «ጂ0/ጂ0፣ ዝቅተኛ ስጋት» የሚል ነው፤ ጂ1ም ጂ2ም የለም ማለት ነው። ጉዳቱ እዚህ ይጀምራል። ይህ ውጤት «ኩላሊትሽ አይነካም» ማለት አይደለም። ጥናቶቹ እንደሚጠቁሙት በኢትዮጵያ የሉፐስ ኩላሊት የሚይዛቸው ሰዎች ባብዛኛው የሚያዙት እነዚህ የጂን ለውጦች ሳይኖሩባቸው ነው። «ዝቅተኛ ስጋት» የሚለውን አረንጓዴ ሣጥን ያየች ታካሚ የሽንት ቀጠሮዋን ብትዘል ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ ሣጥኑን አረንጓዴ የቀባውም ድርሻ አለው።

ማን ይመርመረው? ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ከምዕራብ ወይም ከመካከለኛው አፍሪካ የሆነ ሰው ይመርመረው። የተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉንም የአገሪቱን ሕዝብ ስለማይወክሉ፣ የቆላ ዝንብ ካለባቸው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቆላዎች የተወለደ ሰውም ሐኪሙ ካዘዘለት ምክንያት አለው። ባዮፕሲው ላይ «ኮላፕሲንግ» ተብሎ የተጻፈበት ታካሚም ቢሆን እንዲሁ። ለነዚህም ቢሆን ኤፖኤል1ን ለብቻው እዘዙ፤ ሙሉው ፓኬጅ አያስፈልግም። ካውንተሩ ላይ «ለብቻው አይሸጥም» ቢባልም የላቦራቶሪ ኃላፊው ሲጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ክፍል፣ ኤችኤልኤ ዲአር፣ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ዲአር3 እና ዲአር15 የሉፐስ ኩላሊትን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ፣ ዲአር4 እና ዲአር11 ደግሞ ዝቅ ያደርጋሉ። ልዩነቱ በሕዝብ ደረጃ ይታያል እንጂ ለአንድ ታካሚ መድኃኒት አይቀይርም። ንቅለ ተከላ የሚታሰብ ከሆነ ልየታው ያኔ በሙሉ ይሠራል፤ አሁን መክፈል ሁለቴ መክፈል ነው።

ሦስተኛው፣ የስጋት ነጥቡ፣ ስታት4፣ አይአርኤፍ5፣ አይቲጋም እና የመሳሰሉት ጂኖች ላይ ያሉ ለውጦችን ይደምራል። እያንዳንዳቸው ከሉፐስ ጋር፣ አንዳንዶቹም ከኩላሊቱ ጋር እንደሚያያዙ በጥናት ታይቷል። ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። እነዚህ ነጥቦች የተሰፉት በአብዛኛው በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ልክ ነው። ሪፖርቱ «82ኛ ፐርሰንታይል» ሲል፣ ማለትም ስጋትዎ ከ100 ሰው የ82ቱን ይበልጣል ሲል፣ ከማን 82ኛ? የማነጻጸሪያው ሕዝብ ማን እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። ኢትዮጵያውያን የሌሉበት ከሆነ፣ እንግዲህ ለማያውቁሽ ታጠኚ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ለሉፐስ ታካሚ በእርግጥ የመድኃኒት መጠን የሚያስቀይር የጂን ምርመራ መኖሩና ፓኬጁ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ቲፒኤምቲ ይባላል። አዛታዮፕሪን የሚባለው የሉፐስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚታይ ነው። መድኃኒቱን የሚሰብረውን ኢንዛይም ደካማ ቅጂ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ሰው፣ በተለመደው መጠን መቅኔው ሊደርቅ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። አንድ ደካማ ቅጂ ያለው ደግሞ ባነሰ መጠን ይጀምራል። ይህ ለሴቶች በተለይ ይመለከታቸዋል። ማይኮፌኖሌት የሚባለው ሌላው የሉፐስ ኩላሊት መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ እርግዝና ከመታሰቡ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድሞ ይቆማል፤ የሚተካውም ብዙ ጊዜ አዛታዮፕሪን ነው። ምርመራው ባይገኝ እንኳን መድኃኒቱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የደም ቆጠራ ቶሎ ቶሎ ማየት ይተካዋል።

ሕፃናትንም እንጨምር። ልጁ ገና ከ5 ዓመት በታች ሆኖ ሉፐስ ከያዘው፣ ወይም ወላጆቹ የሥጋ ዘመዳሞች ከሆኑና ወንድም እህቱም ከታመሙ፣ ነገሩ የብዙ ጂኖች ድምር ሳይሆን የአንድ ጂን ጉድለት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሲ1ኪው የሚባለው የኮምፕሊመንት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ቡድን) ክፍል ጨርሶ ሲጎድል ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ ሉፐስ ይይዛቸዋል። እዚህ ፓኬጁ አይረዳም፤ ይህን ጉድለት አይመረምርምና። ከጂን በፊት የኮምፕሊመንቱን አጠቃላይ ሥራ የሚለካውን፣ ሲኤች50 የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ። እሱ ወደ ዜሮ ወርዶ ሲ3 የሚባለው ሌላው የኮምፕሊመንት ክፍል ደህና ከሆነ የሕፃናት ሐኪሙ መንገዱን ያውቃል።

አሁን ወደ አሠራራቸው። ደሙን ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ነው የሚወስዱት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር። ትክክል ነው። አረንጓዴ ክዳን ያለው ሄፓሪን ቱቦ ከመጣ አስቁሙ፤ ሄፓሪን ፒሲአር የሚባለውን ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ ስለሚያግድ ናሙናው ውጭ ደርሶ «አልሠራም» ተብሎ ይመለሳል። ባለሙያዋ ቱቦውን እንደሞላች 8 ጊዜ ያህል ቀስ አድርጋ ትገለብጠዋለች፣ አትንጠውም፤ ይህን ሳይጠየቁ ማድረጋቸው አስደስቶናል። ምራቅ ለሚሰጥ ግን ማስጠንቀቂያቸው ጎዶሎ ነው። ለ30 ደቂቃ ምግብ፣ መጠጥ፣ ማስቲካና ሲጋራ የለም ይላሉ፤ ጫትና ቡና ግን አይጠሩም። ጠዋት ቡና ጠጥቶ፣ ወይም ትናንት የቃመው ጫት ጥርሱ መሃል እንዳለ መጥቶ የሚተፋ ሰው ናሙናው ይበላሻል። አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። መስመሩ 2 ሚሊ ሊትር ላይ ነው፣ የሚቆጠረውም ምራቁ እንጂ አረፋው አይደለም። በቅርብ ሳምንታት ደም የተሰጠው ሰው ይናገር፤ የለጋሹ ሕዋሳት ውጤቱን ሊያደናግሩት ይችላሉ።

ትልቁ ብልሽት የሚፈጠረው መርፌው ላይ ሳይሆን ፎርሙ ላይ ነው። የውጭው ፎርም «የቤተሰብ ስም» ይላል። አንዱ ጸሐፊ የአባት ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያት። ቱቦው ላይና ፎርሙ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ ውጭ ያለው ላቦራቶሪ ናሙናውን ላይቀበል ይችላል፤ ልክም ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ አስቡ። ፓስፖርት ካለ የፓስፖርቱን፣ ከሌለ የመታወቂያውን አጻጻፍ ይዛችሁ፣ ቱቦው ላይ የተለጠፈውን ሳታነቡ ከወንበሩ አትነሱ።

የልደት ዘመንም አለ። በ1987 በኛ አቆጣጠር የተወለደች ታካሚ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ውጭው ፎርም ሲገለበጥ 7 ወይም 8 ዓመት ታረጃለች። ለጂን ምርመራ ይህ ብዙም አይጎዳም። ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) አብሮ ሲሰላ ግን ይጎዳል። የኩላሊት ማጣራት አቅም የሚሰላበት የ2021ዱ ቀመር ዕድሜን ስለሚያስገባ ውጤቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ዝቅ ይላል። 62 መሆን የነበረበት 59 ሆኖ ይወጣል፤ 60 ደግሞ የከረመ የኩላሊት ሕመም ድንበር የሚሰመርበት ቁጥር ነው። በአንድ የአቆጣጠር ስህተት ሰው ደረጃ ይቀየርበታል።

የሽንቱ ምርመራ ላይ እንቆይ፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው ኩላሊቱ ባይታመምም ቢያንስ በየ6 ወይም 12 ወሩ፣ በሽታው ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ቶሎ፣ ፕሮቲኑ መታየት አለበት። ካውንተሩ ላይ «የሽንት ምርመራ» ብቻ ካላችሁ ወረቀት ነክረው «ፕሮቲን +1» ብለው ይሰጣሉ። የሚፈለገው ይህ አይደለም። ውኃ በብዛት ጠጥቶ በመጣ ሰው ቀጭን ሽንት ላይ ወረቀቱ «የለም» ሊል ይችላል፣ በወፈረ ሽንት ላይ ደግሞ ያጋንናል። «የፕሮቲንና ክሬቲኒን ንጽጽር» ብላችሁ በስሙ እዘዙ። ከ0.15 ግራም በግራም በታች ደህና ነው። 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ተደግሞም ያው ከሆነ፣ ክሬቲኒኑ ፍጹም ደህና ቢሆን እንኳን፣ የኩላሊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ ባዮፕሲ መነጋገር ነው። አንዳንድ ሪፖርት በሚሊግራም በሚሊሞል ይመጣል፤ ያኔ 0.5 ማለት 56 አካባቢ ነው። አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው መለኪያ ከተጻፈላችሁ ፕሮቲኑ መቶ እጥፍ የጨመረ ይመስላል። እዚሁ ቤት ሁለቱንም መለኪያ ሲያፈራርቁ ስላየን ነው የምንለው።

ናሙናው የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይሁን፣ የመጀመሪያውን ፍሳሽ ለቆ መካከለኛውን። የወር አበባ ላይ ያለች ትቆይ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ ይታከም። ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ እንዲያዩ ከተፈለገ ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኩላሊቱን መቆጣት የሚያሳብቁት ቅርጻቸው የተበላሸ ቀይ የደም ሕዋሳትና «ካስት» የሚባሉት ዘንጎች ሽንቱ ሲቆይ ይሟሟሉ። ከቤት በብልቃጥ ይዞ፣ ታክሲ ጠብቆ፣ ከዚያ ሰልፍ ይዞ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሽንት ንጹሕ መስሎ ይታያል። ለዝቃጩ ምርመራ እዚያው ላቦራቶሪው መጸዳጃ ቤት መስጠት ይሻላል፤ መጸዳጃ ቤታቸው፣ መቼም ይህም ግምገማ ነውና፣ ንጹሕ ነው፣ ሳሙናም አለው። ከሽንቱ ጋር ሲ3፣ ሲ4 እና ፀረ-ዲኤንኤ አንቲቦዲ ቢታዩ፣ ሲ3 ሲወርድ አንቲቦዲው ሲወጣ ማየት ከየትኛውም የጂን ነጥብ በላይ ለሐኪም ይናገራል። የደም ግፊትንም እንዳትረሱ፤ እዚያው ወንበር ላይ በነፃ ይለካሉ።

የውጤት ማስረዳቱ ነገር ያሳዝናል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ የፈቃድ ወረቀቱም እንዲሁ። የጂን አማካሪ የለም፤ ተቀባይዋ «ይህን ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብላ ፖስታውን ትሰጣለች። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር በአማርኛ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፦ ዲኤንኤው ከምርመራው በኋላ ይጣላል ወይስ ይቀመጣል፣ ለሌላ ጥናትስ ይሰጣል? አንዷ ላይ የተገኘ ነገር እህቷንና ልጇንም ይመለከታል፤ ይህ ደግሞ ከናሙናው በፊት የሚወራ ነው።

ክፍያው በዶላር ተተምኖ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይጠየቃል። በኛ አቆጣጠር ከ2016 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተነገረው ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ይሆናል ብላችሁ አትመኑ። ናሙናው ሳይሠራ ቢመለስ ድጋሚው በነፃ መሆኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የጂን ውጤት ዕድሜ ልክ አይቀየርም፤ ስለዚህ ፋይሉን በስልካችሁ አስልኩና አስቀምጡ፣ ሌላ ሆስፒታል ሁለተኛ እንዳያስከፍላችሁ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ዓርብ ከሰዓት የተቀዳ ደም ቅዳሜና እሁድን ፍሪጅ ውስጥ ያሳልፋል፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ፍሪጁን ይይዝ እንደሆነ ስንጠይቅ ደግሞ ሁለት ሠራተኞች ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።